የጓሮ አትክልት ሒሳብ፦ የገጠር ሴት ገበሬ ድካምና ገቢ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

ስለ አትክልት ስንነጋገር ብዙውን ጊዜ የምንነሣው በሄክታር ስንት ኩንታል ይገኛል ከሚለው ጥያቄ ነው። ይህን በሚገባ የሚያስረዱ የሞያ ጓደኞች በመካከላችን ስላሉ፣ እኔ ከዚያ ቀጥሎ ወደሚመጣው ጥያቄ እሻገራለሁ። ይኸውም በጓሮዋና በመስኖ ማሳ አትክልት የምታመርተው የገጠር ሴት ሒሳቡ ተሟልቶ ሲታሰብ ምን ይተርፋታል? የተረፈውስ በማን እጅ ይቆያል? የሚለው ነው።

አሳቤን በአጭሩ ላስቀድም። አትክልት ለሴት ገበሬ የሚጠቅመው ምርቱ ስለበዛ ብቻ አይደለም። ድካሟ በሒሳብ ሲገባ፣ የመሸጫዋን ቀን ራሷ መምረጥ ስትችል፣ ብሩም በእጇ ሲገባ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጐድል በዘገባችን ላይ ትርፍ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በቤቷ ውስጥ አይገኝም።

ጓሮ በቤተ ሰብ ኤኮኖሚ ውስጥ ያለው ቦታ

“ጎመን በጤና” የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን። በመስከረም ደግሞ “የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ” ይባላል። ሁለቱም አባባሎች ጎመንን የችግር ቀን ምግብ አድርገው ያዩታል፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌና ነሐሴ የዓምናው እህል ከጐተራ የሚያልቅበት፣ የዘንድሮው ገና ያልደረሰበት፣ በገበያም የእህል ዋጋ የሚንርበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ ከጓሮ የሚቀነጠሰው ጎመን አንዲት እናት በውድ ዋጋ ልትገዛው የነበረውን እህል ይቀንስላታል። ስለዚህ በመስከረም የሚባረረው የጎመን ምንቸት ክረምቱን ቤተ ሰቡን ያሻገረ ምንቸት ነው። ነገር ግን ይህ የዳነ ወጪ በማናቸውም የምርት ዘገባ ላይ ገቢ ሆኖ አይመዘገብም።

ሁለተኛው ነገር የበሬ ጉዳይ ነው። በማረሻ በሚታረሰው በደጋውና በወይና ደጋው አገራችን እርሻ የወንድና የጥማድ በሬ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት በሬና አራሽ ሲያጥሯት መሬቷን ለእኩል አራሽ ትሰጥና የምርቱን ድርሻ ብቻ ትቀበላለች። ጓሮ ግን በዶማና በመኰትኰቻ ይሠራል። መደቡን የምታወጣው፣ ፍጉን የምታለብሰው፣ ችግኙን የምትተክለው፣ የምታርመውና የምትሸጠው እርሷ ናት። ማንንም ሳትለምን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልታካሂደው የምትችለው የግብርና ዘርፍ ይህ በመሆኑ፣ ለእንዲህ ያለችው ሴት ጓሮ የትርፍ ጊዜ ሥራ ሳይሆን ዋና ርስቷ ነው።

ዴንማርካዊቷ የኤኮኖሚ ሊቅ ኤስተር ቦዝረፕ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በአፍሪቃ የሴቶች የእርሻ ሥራ በስታቲስቲክስ በሚገባ እንደማይታይ፣ አሠራሩ ሲዘምንም አዲሱ ትምህርትና መሣሪያ በአመዛኙ ለወንዱ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። መጽሐፉ ከወጣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኛን የአትክልት ልማት ዕቅዶች ስንመረምር፣ ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለፀረ ተባይና ለነዳጅ ዓምድ ተበጅቶላቸው፣ “የቤተ ሰብ ጉልበት” የሚለው ግን ያለ ዋጋ የሚታለፍበትን ሰነድ አሁንም እናገኛለን። ያለ ዋጋ የታለፈው ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው የሴቷ ነው።

የሁለት መደቦች ሒሳብ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ በቁጥር ላስረዳ። ቁጥሮቹን የወሰድኋቸው ስሌቱን ለማሳየት ነው እንጂ ከአንድ ጥናት አላገኘኋቸውም፤ እያንዳንዱ ባለሙያ በየወረዳው ዋጋ ሊተካቸው ይችላል።

አንዲት ሴት ከባሏ ጋር በ500 ካሬ ሜትር የመስኖ መሬት ላይ ቀይ ሽንኩርት አለማች እንበል። 10 ኩንታል አገኙ፤ በኩንታል 2,500 ብር ሸጡት፤ 25,000 ብር ሆነ። ለዘር፣ ለማዳበሪያ፣ ለፀረ ተባይ፣ ለሞተር ነዳጅ፣ ለኬሻና ለማጓጓዣ 9,000 ብር ወጣ። በዘገባችን ላይ 16,000 ብር ትርፍ ተብሎ ይጻፋል። ሥራው ግን ከችግኝ መደብ እስከ ምርት መልቀም 40 የሥራ ቀን ፈጅቷል። 16,000 ብር ለ40 ሲካፈል ለአንድ ቀን 400 ብር ይደርሳል። በአካባቢው የቀን ሠራተኛ 250 ብር የሚከፈለው ከሆነ፣ ሽንኩርቱ ደኅና ከፍሏል ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም ሽንኩርት ስለ ተከለ ዋጋው ወደ 1,700 ብር ወረደ እንበል። ሽያጩ 17,000 ብር ይሆናል፤ ወጪው 9,000 ብር ስለማይለወጥ የሚተርፈው 8,000 ብር ነው። ዘገባችን አሁንም ትርፍ አለ ይላል። 8,000 ብር ለ40 ቀን ሲካፈል ግን ለቀን 200 ብር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከቀን ሠራተኛ ደመወዝ በታች። ቤተ ሰቡ በገዛ መሬቱ ላይ፣ 9,000 ብር ለአደጋ አጋልጦ፣ ከሰው ቤት ተቀጥሮ ከሚያገኘው ያነሰ አግኝቷል።

አሁን ወደ ጓሮው እንመለስ። ይህችው ሴት በ100 ካሬ ሜትር ላይ የሐበሻ ጎመንና ጥቂት ቆስጣ ተክላለች። ቅጠሉን እየቀነጠሰች በ30 የገበያ ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን የ150 ብር ጎመን በጉሊት ትሸጣለች፤ 4,500 ብር ይሆናል። ቤተ ሰቡ የበላው 1,500 ብር ያወጣል ብለን እንገምት። ጠቅላላው 6,000 ብር ነው። በጥሬ ገንዘብ ያወጣችው 500 ብር ስለሆነ 5,500 ብር ይቀራታል። ድካሙን እንቍጠር፤ ለእያንዳንዱ ገበያ ግማሽ ቀን፣ በጠቅላላው 15 ቀን፤ ለእንክብካቤ ለ7 ወር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፣ ይህም ወደ 13 የሥራ ቀን ይሆናል። በ28 ቀን 5,500 ብር ማለት ለቀን ወደ 196 ብር ነው።

እንግዲህ ጎመኑ በመልካም ዓመት የሽንኩርቱን ግማሽ ያህል ብቻ ይከፍላል፤ በክፉ ዓመት ግን እኩል ይሆናሉ። ልዩነቱ በአንደኛው 9,000 ብር፣ በሌላው 500 ብር ለአደጋ መጋለጡ ነው። አንዳንድ ባለሙያዎች የገጠር ሴት ከጎመንና ከጉሊት አልላቀቅ አለች፣ ለገበያ ማምረት አልገባትም ሲሉ ይሰማል። ከላይ ያየነው ስሌት ግን ምርጫዋ በበቂ ምክንያት የተደገፈ መሆኑን ያሳያል። ብድር ሳትገባ፣ የልጅና የምጣድ ሥራዋን ሳትተው፣ በየሳምንቱ ጥቂት ብር የሚያስገኝላትን ሥራ መርጣለች።

ውኃ ሲርቅ

ከላይ ያለው የጎመን ሒሳብ ውኃ ቅርብ ነው በሚል ግምት የተሠራ ነው። ውኃው ሲርቅ ስሌቱ ምን እንደሚሆን እንመልከት። በበጋ ወራት አንድ የአትክልት መደብ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ያህል ውኃ ይፈልጋል ብንል፣ ለ100 ካሬ ሜትር 400 ሊትር ይሆናል። ይህ 20 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። ምንጩ 200 ሜትር ቢርቅ ደርሶ መልሱ 400 ሜትር ስለሆነ፣ 20 ጀሪካን በጀርባ ለማመላለስ 8 ኪሎ ሜትር መሄድ ያስፈልጋል፤ ግማሹንም 20 ኪሎ ግራም ተሸክሞ። ለመቅዳት የሚያልፈው ጊዜ ሳይቈጠር ቢያንስ 2 ሰዓት ይፈጃል። ለ60 የበጋ ቀናት 120 ሰዓት፣ ማለት 15 የሥራ ቀን ይጨመራል። 28 የነበረው 43 ቀን ይሆናል፤ የቀኑም ገቢ ከ196 ብር ወደ 128 ብር ይወርዳል።

ስለዚህ ለሴት ገበሬ የውኃ ቅርበት ከተሻሻለ ዘር ሊበልጥ ይችላል። ከቤት ጣሪያ የሚጠራቀም ውኃ፣ በጓሮ የሚቈፈር ጕድጓድ፣ ጀሪካን የምትሸከም አህያ እንኳ ሒሳቡን ይለውጡታል።

ይሁን እንጂ ውኃን ማቅረብ ብቻውን አይበቃም። ምሥራቅ ሐረርጌ ለዚህ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በሐሮማያ አካባቢ የሚመረተው አትክልት ከሐረርና ከድሬዳዋ አልፎ እስከ ጅቡቲ ሲሸጥ ኖሯል፤ በዚህም ንግድ የአካባቢው ሴቶች ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው። የሐሮማያ ሐይቅ ግን በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ደረቀ። ለአትክልትና ለጫት በሞተር የሚሳበው ውኃ፣ ለሐረር ከተማ መጠጥ የሚወሰደው፣ ከተራቈተው ተዳፋት እየታጠበ የገባው ደለል፣ ሁሉም ተደማምረው ነው ያደረቁት። በ2010ዎቹ ዓ.ም. ውኃው እንደገና ታይቷል። ሐይቁ ሲሸሽ ጥልቅ ጕድጓድ ማስቈፈርና ሞተር መግዛት የቻለ ገበሬ ለጊዜው ሥራውን ሊቀጥል ይችላል፤ በባልዲና በጀሪካን የምታጠጣዋ ግን መጀመሪያ ትወድቃለች። ማንም ያልተመነው ውኃ ሲያልቅ ዋጋውን ቀድማ የምትከፍለው እርሷ ናት።

የገበያ ቀን

አትክልት እንደ ጤፍ በጐተራ አይቀመጥም። ቲማቲሙ በቀላበት ሳምንት፣ ሰላጣው በተቀነጠሰበት ቀን መሸጥ አለበት። ሻጩ መጠበቅ እንደማይችል ገዢው ካወቀ ዋጋውን የሚወስነው ገዢው ነው። ጠዋት በጉሊት አንድ መደብ ቲማቲም በአንድ ዋጋ የምትሸጠው ሴት፣ ወደ ማታ ሁለቱን መደብ በዚያው ዋጋ የምትሰጠው የመመለሻው መንገድ ስለሚያስጨንቃትና ነገ ቲማቲሙ ስለሚበላሽ ነው።

በአገራችን የአትክልት ፍላጎት በጾምና በበዓል ይወሰናል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጎመን፣ ድንችና ቲማቲም ይፈለጋሉ፤ ለፋሲካ ዶሮ ወጥ ደግሞ የቀይ ሽንኩርት ፍላጎት ከፍ ይላል። በእስልምና ተከታዮች አካባቢ የረመዳን ወር ተመሳሳይ ፍላጎት ያመጣል፤ እርሱም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ይመጣል። ፋሲካም ተንቀሳቃሽ በዓል ነው፤ ከመጋቢት 26 በፊት አይውልም፣ ከሚያዝያ 30ም አያልፍም። እንግዲህ ሽንኩርት በችግኝ መደብ 45 ቀን፣ በማሳ 115 ቀን፣ ለማድረቅና ለማጓጓዝ 10 ቀን ይፈጃል ብንል 170 ቀን ይሆናል። ፋሲካ መጋቢት 26 በሚውልበት ዓመት ዘሩ ጥቅምት 6 ገደማ፣ ሚያዝያ 30 በሚውልበት ዓመት ኅዳር 10 ገደማ መዘራት አለበት። ልዩነቱ ከወር በላይ ነው። በየዓመቱ “በኅዳር ዝሩ” የሚል አንድ ዓይነት ምክር የምንሰጥ ከሆነ፣ በአንዳንዱ ዓመት ሽንኩርቱ ከበዓሉ በኋላ ሁሉም በሚያራግፍበት ሳምንት ይደርሳል። የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ግን በባሕረ ሐሳብ ተቈጥረው በዘመን መለወጫ ይታወጃሉ። ሴቷ ይህን ቀን ታውቀዋለች፤ የእኛ የሥራ መርሐ ግብር ነው ያላወቀው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መደቡን ሁሉ በአንድ ቀን ከመትከል በየሁለት ሳምንቱ እየከፈሉ መትከል ይሻላል፤ በዚህም በአንድ ቀን የሚደርሰው ምርት ይቀንሳል። ሽንኩርቱን በጥላና በነፋስ በሚገባ አድርቆ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ ለሻጯ ጥቂት ሳምንታት የመጠበቅ አቅም ይሰጣታል። በገበያ ትርፍ የሚገኘው ከዚህች የመጠበቅ አቅም ነው።

ብሩ የገባበት እጅ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ጎመኑ በእስር ሲሸጥ ብሩን የምትቀበለው ሴቷ ናት፤ ጨውና ሳሙና፣ ደብተርና እርሳስ ትገዛበታለች፣ ዕቁብም ትጥልበታለች። ምርቱ ኩንታል ሲሆንና ደላላው አይሱዙ ይዞ ማሳው ድረስ ሲመጣ ግን የሚነጋገረው ከባልየው ጋር ነው። ስልክ የሚደወለው ለእርሱ ነው፤ ሚዛን ላይ የሚቆመው እርሱ ነው፤ ብሩም በእርሱ እጅ ይቈጠራል። የተከለችው፣ ያረመችውና የለቀመችው ሴት በሽያጩ ቀን ኬሻ ትሰፋለች።

ይህን የምለው ባሎችን ለመክሰስ አይደለም። የሽንኩርት ገንዘብ በሬ ይገዛል፣ ቤት በቆርቆሮ ያለብሳል፤ ይህም ለቤተ ሰቡ ሁሉ ነው። ነገር ግን ልማቱ የሴቷን ድካም ጨምሮ የማዘዝ ድርሻዋን ከቀነሰ፣ እርሷን ለመጥቀም ተብሎ የተያዘው ዕቅድ ጐድቷታል ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለሽንኩርቱ ማረም ዳተኛ ብትሆንና ወደ ጎመኗ ብታዘነብል ሊደንቀን አይገባም።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። አሜሪካዊው የጂኦግራፊ ምሁር ሪቻርድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት መጽሐፍ የጋምቢያን ሴቶች ታሪክ ጽፈዋል። በዚያ አገር በሰሜናዊው የወንዝ ዳርቻ የሚኖሩ ሴቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጋራ አጥር ውስጥ ጕድጓድ እየቈፈሩ አትክልት አለሙ፤ ብዙዎቹም ከባሎቻቸው የበለጠ ገቢ አገኙ። መሬቱ ግን የእነርሱ አልነበረም። ባለ መሬቶቹ በዕርዳታ ድርጅቶች የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ ተደግፈው በመደቦቹ መካከል ማንጎና ሌላ የፍራፍሬ ዛፍ ተከሉ። ሴቶቹ ለአትክልታቸው የሚቀዱት ውኃ ዛፎቹንም አሳደገ፤ ዛፎቹ ሲያድጉ ጥላቸው አትክልቱን አጠፋው። የመሬት መብት የሌለው ልማት በገዛ ላቡ ከቦታው ሊነቀል እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

በእኛ አገር ሕጉ ከዚህ የተሻለ መሠረት ጥሏል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀምና አስተዳደር ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት ደብተር በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዟል፤ ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። በአማራ ክልል በጋራ ደብተሩ ላይ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጭምር እንዲለጠፍ ተደርጓል። ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ሆኖም በደብተሩ ላይ ያለው ስም ገና ሚዛኑ ዘንድ አልደረሰም። በመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበርና በኅብረት ሥራ ማኅበር ቤቱን ወክሎ የሚመዘገበው ባልየው ብቻ ሲሆን፣ የውኃው ተራ ሲደለደል ድምፅ፣ ክፍያ ሲፈጸምም ስም የላትም።

ከእኛ የሚጠበቀው

የተከበራችሁ የማኅበሩ አባላት፣

እንግዲህ ከሞያችን አንጻር ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን አራት ነገሮች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማናቸውም የአትክልት ልማት ዕቅድ የሴትና የወንድ የሥራ ቀን ለየብቻ የሚመዘገብበት ዓምድ ይኑረው። የቀኑ ገቢ ከአካባቢው የቀን ደመወዝ በታች የሚሆን ከሆነ፣ ያን ዕቅድ አትራፊ ብለን አንፈርምበት።

ሁለተኛ፣ ምክራችን በመልካም ዓመት ዋጋ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይሁን። ዋጋው በሲሶ ቢወርድ ምን እንደሚሆን አስልተን እናሳይ፤ ለአደጋ የሚጋለጠውንም ጥሬ ገንዘብ አስቀድመን እንንገራት። ጎመኑን አስነቅለን ሽንኩርት ከማስተከል፣ ጎመኑ ባለበት ጥቂት ሽንኩርት መጨመር ይበጃል።

ሦስተኛ፣ በማኅበራት ውስጥ ባልና ሚስት ሁለቱም አባል እንዲሆኑ፣ የምርት ክፍያም በጋራ ወይም በሴቷ ሒሳብ እንዲገባ እንምከር። ለብቻዋ ጥቂት እስር ጎመን የምትሸከም ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር አንድ ጋሪ ብትከራይ፣ ተራ ገብተውም ቢሸጡ የገበያው ግማሽ ቀን ይቀንስላታል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንዲሉ።

አራተኛ፣ ሥልጠናው በሚመቻት ሰዓትና ቦታ ይሰጥ። ሥልጠናው ለቤቱ አባወራ ተሰጥቶ ሥራው ለሴቷ የሚተውበት አሠራር ይቁም።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። የሚጠይቁት የሒሳብ መዝገባችንን አንድ ዓምድ ማስፋትና በሽያጩ ዕለት ማሳው ዳር ቆሞ ብሩ ወደ ማን እጅ እንደሚገባ ማየት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤያችን ስንገናኝ፣ እያንዳንዳችን ከምንሠራበት ወረዳ በዚህ ዓይነት የተሟላ የአንድ ጓሮና የአንድ ማሳ ሒሳብ ይዘን እንድንመጣ ሐሳብ አቀርባለሁ። ያን ጊዜ ስለ ሴት ገበሬዋ የምንነጋገረው በግምት ሳይሆን በሥራ ቀንና በብር ይሆናል።